ፈትሉን የቆረጥኩ ሰሞን

ድሮም ሳልቸኩል የሠራሁት ነገር የለም። ተቀምጬ እንኳ እግሬ አይረጋም፤ እናቴ ወንበሩ ያቃጥልሽ ይሆን ትለኝ ነበር። በሃምሳዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥኜ ወደ ሐረር ስመለስ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። የሠለጠንኩት በአዲሱ የመዝገብ አያያዝ ነው። እያንዳንዱ ማኅደር ቁጥር ይሰጠዋል፤ የባለቤቱ ስም ከነቁጥሩ በትንሽ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ካርዶቹ በፊደል ተራ መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ። ስሙን ይንገሩኝ እንጂ የማንንም ማኅደር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አወጣለሁ። ይህንን ይዤ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ዝቅ ብሎ ወደነበረው የመሬት መዝገብ ቤታችን ስገባ፣ እኔ ያላወቅኩት ነገር በዓለም የቀረ አይመስለኝም ነበር።

ጣልያን ከወጣ ጀምሮ መዝገብ ቤቱን የያዙት አዛውንት ግን የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። መደርደሪያዎቹ እንደ ከተማዋ በሮች አምስት ናቸው። በሰንጋ በር የሚገባ ገበሬ ማኅደሩ ሰንጋ በር ነው፤ በቡዳ በር የሚገባ ቡዳ በር። ነገራቸው የተነካካ ሰዎች ከሆኑ ደግሞ ማኅደሮቻቸውን አንድ ላይ አድርገው በጥጥ ፈትል ያስሯቸዋል። ቁጥር የለ፣ ዝርዝር የለ፣ ሁሉም ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ታመው ከቀሩ ባለጉዳይ ደጃፉ ላይ ተኮልኩሎ ይውላል። እኔን ቆሽቴን ያሳረረኝም ይኸው ነበር።

አለቃችን ፊት ስንት ቀን ተከራከርን መሰላችሁ። እሳቸው፣ የዚህ አገር ሰው መስጊድ አንድ ስም፣ ገበያ ሌላ ስም፣ መንግሥት ፊት ሦስተኛ ስም አለው፤ ደግሞም ግማሹ የነቢዩን ስም የያዘ ነው፤ ካርድሽ የትኛውን ሊጠራልሽ ነው ይላሉ። እኔ፣ የአባትና የአያት ስም ለምን ተፈጠረ እላለሁ። እሳቸው፣ ቁጥር ማን የማን ዘመድ እንደሆነ አያውቅም ይላሉ። እኔ፣ ዝምድና የመሥሪያ ቤት ሥራ አይደለም እላለሁ። አንድ ቀን ደሜ ፈላና ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ ነገ እርስዎ ቢሞቱስ? መዝገቡን ይዘውት ሊቀበሩ ነው?»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። በዚህ ላይ በአዲሱ አሠራር ሥሩ የሚል ደብዳቤ ከአዲስ አበባ መጥቶ ስለነበር አለቃችን ለእኔ ፈረዱ። አዛውንቱ በወሩ ጡረታ ጠይቀው ወጡ። የወጡ ዕለት በሩ ላይ ቆም አሉና፣ «ልጄ፣ ቁጥሩንም ስጪ፣ ካርዱንም ጻፊ። ፈትሉን ግን ለምን እንደታሰረ ሳታነቢ አትቁረጪው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ ለአፌ ያህል።

ማን ተቀምጦ ያነባል? መቀሴን ይዤ ተነሣሁ። ማኅደሮቹን ፈትቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ለየብቻ አድርጌ በሦስት ሳምንት ጨረስኩ። የተቆረጠው ፈትል አንድ ዘንቢል ሞላ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ለኩራዝ ክር ይሆነኛል ብላ ወሰደችው።

ወር ሳይሞላ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከሶፊ ገጠር አንድ ገበሬ መጡ። ጎልማሳ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ ቡልኮ ጣል አድርገዋል። አባታቸው ከገዛ እህታቸው፣ ማለትም ከገበሬው አክስት ጋር መሬት ተለዋውጠው ነበር። በለውጥ የተገኘው ላይ ገበሬው ሠላሳ ዓመት ጫት ተክለው ልጆች አሳድገውበታል። አሁን የአክስታቸው ልጅ፣ ለውጥ የሚባል ነገር አልነበረም፣ መሬቱ የእናቴ ነው ብሎ ከሷቸዋል። ዳኛው ሁለቴ ቀጠሮ ሰጥተው፣ ሐሙስ ወረቀቱን ካላመጣህ እፈርዳለሁ ብለዋቸዋል። ወረቀቱን ደግሞ አምና አዛውንቱ አውጥተው አሳይተዋቸው ነበር፤ የአባታቸው ጣት ያረፈበት ነው።

ስማቸውን ጠየቅኩ፣ ካርዱን ሳብኩ፣ ማኅደሩን አወጣሁ። ሁለት ደቂቃም አልሞላ። ጉራዬን እያሰብኩ ገልጬ ባየው የለውጥ ውል የሚባል ነገር የለም። ክው አልኩ።

«ወላሂ እዚሁ ነበር፤ በዓይኔ ነው ያየሁት» አሉ ገበሬው።

ወድቆ ይሆናል ብዬ መደርደሪያው ሥር ፈለግኩ፤ የለም። ከጎኑ ያሉትን ማኅደሮች ገለጥኩ፤ የለም። ማክሰኞም ስቀመጥ ስነሣ ዋልኩ። ገበሬው ማለዳ መጥተው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ። አዛውንቱ ቤት አቦከር ሰፈር ነው፤ በእግር ሩብ ሰዓት አይሆንም። አልሄድኩም። ምን ብዬ? እርስዎ ሳይሞቱ ሥርዓቴ ጠፋብኝ ልበላቸው? ሁለት ሙሉ ቀን በእልኬ አቃጠልኩ።

ረቡዕ ግን አላስቻለኝም፤ ሄድኩ። እንዳዩኝ ገባቸው። ውሉ አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበረ የተቀመጠው አክስትየዋ ማኅደር ውስጥ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያሰርኳቸው ለዚያ ነው አሉኝ። ስሟን ስጠይቃቸው አላወቁትም። ስሟን ፈልገው አያውቁም፤ የወንድሟ ልጅ ማኅደር ሲነሣ የእሷም አብሮ ይነሣ ነበርና።

ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉኝ። በሩን አልፈው አዲሶቹ የብረት መደርደሪያዎች መሀል ሲቆሙ ያየኋቸውን መቼም አልረሳም። እጃቸውን የሰንጋ በር መደርደሪያ ወደነበረበት ግድግዳ ዘረጉና መለሱት።

«እዚህ ቤት አሁን እኔም እንግዳ ነኝ» አሉ።

ገበሬውን ከአግዳሚው ጠርተን የአክስታቸውን ስም ጠየቅን። እሳቸውም ተቸገሩ። በነሱ ዘንድ ሴት የበኩር ልጇን ከወለደች በኋላ የልጇ እናት ተብላ ትጠራለች እንጂ ስሟን ደፍሮ የሚያነሣ የለም። አስበው አስበው በልጅነታቸው ሲባል የሰሙትን አንድ ስም ነገሩኝ። በዚያ ስም ካርድ የለም። እስኪመሽ ማኅደሮቹን አንድ በአንድ ገለጥን፤ መዝጊያ ሰዓት ደረሰ፤ አላገኘንም።

ሐሙስ ተፈረደባቸው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ማኅደሮቹን ስገልጥ ቆይቼ አገኘሁት። አክስትየዋ ለመንግሥት ያስመዘገበችው ስም ጨርሶ ሌላ ነበር። በዚያ ስም ካርዱ በተራው፣ ማኅደሩ በቁጥሩ፣ ሁሉ ነገር ልክ እንደ ሠለጠንኩት ተቀምጧል። ውሉን ይዤ መሬት ላይ ተዘረፈጥኩ። አለቃችን በዚያው ሰዓት ብቅ ብለው፣ የአዲሱን አሠራር ጥቅምና ጉድለት ጽፈሽ ለሰኞ አድርሺልኝ አሉኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ጥቅሙን አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ ከጉድለቱ ስደርስ ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። ገበሬው ገቡ። ጊደር መጋላ ገበያ ጫታቸውን ሊሸጡ መጥተው እግረ መንገዳቸውን ነው። ውሉን ሰጠኋቸው። አማርኛ አያነቡም፤ የአባታቸውን አሻራ ግን በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት። ይግባኝ አለ፣ ማመልከቻውን እኔው እጽፍልዎታለሁ ብዬ ተንተባተብኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ትናንት ከጁምዓ በኋላ፣ በዘመድ መሀል ደም እንዳይፈስ ብለው የአገር ሽማግሌዎች አስታርቀዋቸዋል። መሬቱን ለቅቄያለሁ፣ ሁለተኛም አልከስም ብለው ቁርኣን መትተው ምለዋል።

«ወረቀቱ የት ነበር፣ እህቴ?»

«ቦታው ላይ» አልኳቸው። ውሸትም አልነበረም።

ገበሬው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው። ስሟን አሳስቼ ነግሬሽ አለፋሁሽ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ።

የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ቀን የገተርኩዎትም እኔው ነኝ ማለት ነበረብኝ። አለቃችን ግን በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«ምንም አይደለም አባባ» አልኳቸው። ይቅር አልኳቸው።