ታጥቦ የተሰጣው ሽቦ

ጋራዥ የሚሠሩት ልጆች "እማማ፣ ያንን ሽቦ ያጠቡትን ነገር ይንገሩን" እያሉ ሲነዘንዙኝ ከረሙ። እነሱ ሲስቁብኝ ከሚኖሩ እኔው ራሴ ልሳቅበት ብዬ ነው የምጽፈው። ፊደል የለየሁት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ መስመሩ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ኮልፌ፣ ዛሬ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከሚባለው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የሞተር ብስክሌት መብራት የሚሠራ ጋሽ ወልዴ የሚባል ሰው የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረው። እኔን የቀጠረኝ ቱታ እንዳጥብና ግቢ እንድጠርግ ነው። ከዚያ በፊት ስፌት እየሰፋሁ እሸጥ ነበር። "ቀለም አበዛሽበት" እያለ ሰው አልገዛ ብሎኝ ተውኩት።

ሥራ የገባሁ ዕለት ጋራዡ ውስጥ የጣሊያን ጊዜ ሞተር ብስክሌት ቆማለች። የግራዝማች ናት። ግራዝማች የጋራዡ መሬት ባለቤት ናቸው። ልጃቸውን ሲድሩ በሷ ላይ ተቀምጠው፣ መብራቷን አብርተው፣ ክላክስ እያስጮሁ ከሙሽሮቹ መኪና ፊት መንዳት አማራቸው። ለሠርጉ ካልደረሰች መሬቴን ትለቃለህ ብለውታል ጋሽ ወልዴን።

ጋሽ ወልዴ አሮጌውን ሽቦ እንደታሰረ ሙሉውን ከሞተሯ አውጥቶ፣ አዲሱን በሱ ልክ ሊሠራ፣ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞት ወጣ። ያኔ የሽቦው ልባስ ጨርቅ ነበር፤ ግራሶ ጠጥቶ ከሰል መስሏል። እኔ ደግሞ የማን መቀነት ነው እንዲህ ያደፈ አልኩና ቋጠሮውን ፈታትቼ፣ በሳሙና አሽቼ፣ ከቱታዎቹ ጎን አሰጣሁት። ንጹሕ አድርጌ ነው ያጠብኩት፤ ይህን ማንም አይክደኝም።

ጋሽ ወልዴ ተመልሶ ገመዱ ላይ ሲያየው ሬሳ እንዳለፈበት ሰው ቆቡን አወለቀ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"መቀነት መስሎኝ፣ ጋሼ።"

"ሞተሯ አራስ ናት እንዴ መቀነት የምትታጠቀው?"

ነጠላዬን አነሳሁ። መቼም አፌ አያርፍም፤ እየወጣሁ፣ ሲታጠብ ግን ቀለሙ እንዴት ያምራል አልኩት። ስፈታው ቋጠሮው ሥር ቀለሙ አልቆሸሸም ነበርና፣ ቀይዋ እዚህ ጋ ከቀይ ተጣምራ ነበር፣ አረንጓዴዋ ደግሞ እዚያ ከአረንጓዴ፣ እያልኩ አሳየሁት። ሽቦውን ከገመዱ አወረደና "ነጠላሽን አስቀምጪ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ አጠገቡ አስቀመጠኝ። የቷ ናት ቀይ? አረንጓዴዋስ? እንደ ሕፃን ልጅ ይጠይቀኛል። ቅጣቴ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተሳሳትሽ ስላላለኝ ግን ጎበዝ ተማሪ ነኝ ብዬ ተኩራራሁ።

እኔ ቀለሙን ስጠራ እሱ አዲሱን ሽቦ ይቆርጣል፤ ጫፉን በፒንሳ ይልጣል፤ ከዲናሞው ወደ ባትሪው፣ ከባትሪው ወደ መሪው ማብሪያ፣ ከዚያም ወደ መብራቱና ወደ ክላክሱ ይዘረጋል። ስታኞ አቅልጦ ሲበይደው እኔ የሚጣበቀውን ናስትሮ እጠቀልልበታለሁ። መጀመሪያ የጠቀለልኳት እንደ ሸንኮራ አገዳ ወፍራ በመሪው ሥር አላልፍ ብላ ተፈታች።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን ዓርብ ዕለት ጎረቤት ሞቶብኝ ቀብር ሄድኩ። ጋሽ ወልዴ ጊዜው ስላጠረው የመሪውን ሽቦ ብቻውን ገጠመ። ቅዳሜ ጠዋት ግራዝማች መጥተው ሞተሯ ላይ ወጡ። መብራቱን ሲያዞሩ ክላክሱ ጮኸ። ክላክሱን ሲጫኑ መብራቱ በራ።

"አንተ ወልዴ፣ አበራላታለሁ ስል ሙሽራዋ ላይ ልጮህባት ነው?"

ጋሽ ወልዴ አንገቱን ደፍቶ፣ ይቺ ናት ጌታዬ፣ አጥባብኝ ነው አላቸው። እኔም አመንኩ። አዎ አጥቤዋለሁ ብዬ እጅ ነሳሁ። እስከ ማታ ካልተስተካከለ ሰኞ መሬታቸውን እንደሚረከቡ ነግረውን ሄዱ።

ጎንበስ ብዬ ባይ ቀይዋ ከአረንጓዴ፣ አረንጓዴዋ ከቀይ ተጣምረዋል።

"ጋሼ፣ ባል አሳስተው ድረዋቸዋል" አልኩት።

አልሳቀም። ፒንሳውን ሰጠኝና "አንቺ ግጠሚው" አለኝ። ሁለቱንም ለየባላቸው መለስኳቸው።

እሑድ ግራዝማች ካባ ደርበው፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው በሰፈሩ አለፉ። ጋራዡ ተረፈ፤ እኔም ጠረጴዛው ጋ ቀረሁ። ጋሽ ወልዴ የመቀነቴን ነገር ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ያወራል። በሳቁ ቁጥር ይቅር ይበሉኝ ጋሼ እለዋለሁ፤ ተይው ይለኛል።

ከሥራዬ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ሁለት ሽቦ ከመግጠማችሁ በፊት ቀለሙን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፣ ጎናችሁ ያለው ሰው ይስማችሁ።

ጋሽ ወልዴ ካረፈ በኋላ፣ በአርባው ዕለት፣ ስለዚያ ሽቦ ባለቤቱን አስካለን ደግሞ ይቅርታ ጠየቅኳት። ፈገግ አለች።

"ወልዴ እኮ ቀይና አረንጓዴ አይለይም ነበር። ጓሮ ሲገባ ቃሪያውን ከበሰለው በርበሬ የምለይለት እኔ ነበርኩ። ያንን ሽቦ ያጠብሽ ቀን ቤት ሲገባ 'ዛሬ ዓይን ቀጠርኩ' አለኝ።"

ይከፍለኝ የነበረው ግን የአጣቢ ነው።