ቦራ እና የእናቴ ንባብ

ባዶ ጀሪካን በነፋስ እየተንከባለለ ከድንጋይ ጋር ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር፣ ደብረ ብርሃን ዳርቻ የነበረው ያ ሜዳ ከነውርጩ ፊቴ ድቅን ይላል። ጋሽ ይልማ በየጀሪካኑ ላይ አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በቀለም ጽፈው ሜዳውን ዙሪያውን ይደረድሩበት ነበር፤ እኔም ፈረሴን ቦራን ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው፣ አንዴ በእርምጃ አንዴ በሶምሶማ እየነዳሁ ቀለበት እሠራ ነበር።

ጋሽ ይልማ ጡረታ የወጡ ፈረሰኛ ፖሊስ ነበሩ፤ ሦስት ፈረሶች ገዝተው የሰፈሩን ልጆች ያስተምሩ ነበር። የሚያስተምሩን ሽምጥ ግልቢያ አልነበረም፤ ፈረሱ በሥርዓት እየተራመደ፣ በታዘዘበት ቦታ ዞሮ፣ በታዘዘበት ቦታ ቀጥ ብሎ የሚቆምበትን፣ ዳኞችም ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ነጥብ የሚሰጡበትን ውድድር ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ቦራ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ፣ አመሉ አይታወቅም ነበር፤ አንድ ቀን እንደ በግ ሲታዘዘኝ ውሎ፣ በማግስቱ የራሱን ጥላ አይቶ ይደነብርና ሜዳው ላይ ያነጥፈኝ ነበር።

የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እሷ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ትሠራ ነበር፤ ፈረስ በጣም ትፈራለች። በዚያ በጋ አንድ ቅዳሜ ምሳዬን ይዛ ስትመጣ፣ ጋሽ ይልማ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት የእንቅስቃሴዎቹ ቅደም ተከተል የተጻፈበትን ወረቀት ማንበብ አቅቷቸው አገኘቻቸው። በውድድሩ ላይ ከሜዳው ዳር ቆሞ ለጋላቢው ቅደም ተከተሉን የሚያነብ ሰው ይፈቀዳልና፣ እስቲ አንቺ ሞክሪላት ብለው ወረቀቱን ሰጧት። የማሽን ጩኸት የለመደች ስለነበረች ድምፅዋ ሜዳውን ሞላው። ቦራ ደንብሮ ይጥለኛል ብዬ ጋማውን ጨበጥኩ፤ እሱ ግን አንድ ጆሮውን ወደ እሷ አዙሮ ተረጋጋ። ከዚያ ቀን ወዲያ አንባቢዬ እሷ ሆነች።

ክረምት ሲገባ ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን የምንለማመደው ቤት ውስጥ ነበር። አንዷን ክፍላችንን ሜዳ አድርገናት፣ አልጋው አንድ ፊደል፣ ቡፌው ሌላ ፊደል ሆኖ፣ እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ታነብልኛለች፤ እኔም እንደ ቦራ እየሰገርኩ በጠረጴዛው ዙሪያ እዞር ነበር።

ኅዳር ላይ ከኬንያና ከሱዳን የመጡ ልጆች የሚሳተፉበት ውድድር አዲስ አበባ ተዘጋጀ። እናቴ ከሥራ ጓደኛዋ ጋር ፈረቃ ተቀያይራ፣ ቦራን በአይሱዙ ጭነን ሄድን። ጋሽ ይልማ መንገዱን ሙሉ ሲያስጠነቅቋት ነበር፤ ከወረቀቱ ውጭ አንዲት ቃል ከተነፈሰች እኔ ከውድድር እወጣለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ያህሉን በደህና ሄድን። ከዚያ የዳኞቹ ድንኳን በነፋስ ሲርገበገብ ቦራ አየና በኋላ እግሮቹ ተነሣ፤ አንዱ እርካብ ከእግሬ አመለጠ።

«አይዞሽ ልጄ!»

የእናቴ ድምፅ ነበር። አማርኛ የምትሰማው ዳኛ ደወሉን ደወለች፤ በቃ፣ ከዚያ ቀን ውድድር ወጣን። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ከሜዳው ስወጣ፣ አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት አልኳት። ያን ያህል ዘመን ስትፈራው የኖረችውን የቦራን ልጓም ይዛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ፤ ቃጭሉ እኔ ሆንኩብሽ» አለችኝ።

በማግስቱ ለብቻው ነጥብ የሚሰጥበት ሌላ ዙር ስለነበረ፣ ጋሽ ይልማ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ እንድታነብልኝ አግባብተው ነበር። ጠዋት ቦራ ላይ ኮርቻ ልጭን ስሄድ ግን እናቴን ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ አየኋት፤ እንድታነብ የሚፈልግ ሰው እንደሌለ እያወቀች፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሄጄ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«እማ፣ አንቺ ነሽ የምታነቢልኝ።»

«ተይ ልጄ፣ እኔ አፌን አላምነውም።»

«እኔ አምነዋለሁ።»

ቦራ ያው ድንኳን ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴን አየኋት፤ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ዝም ብላለች። አንገቱን ዳሰስኩት፣ ጠበቅኩት፤ በመጨረሻ አንድ እግሩን አነሣ፣ ከዚያ ሌላውን። ያን ጊዜ ነጠላዋን ለቃ ቀጣዩን መስመር ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ረጋ ብላ አነበበችልኝ። ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛ ወጣሁ። ከሜዳው ስንወጣ ግን እናቴ እግሬን ከእርካቡ ጋር አቅፋ፣ ስታፍነው የቆየችውን ሁሉ በአንዴ «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለች ስትለቀው፣ ከኮርቻው መውረድ አቅቶኝ እዚያው ሆኜ አለቀስኩ።

ዛሬ በናይሮቢም በካይሮም እወዳደራለሁ፤ የምጋልባቸው ፈረሶች የተገሩ ናቸው፣ ቅደም ተከተሉንም በቃሌ ስለማውቀው አንባቢ አያስፈልገኝም፤ ደረጃዬም ከሰባተኛ ይሻላል። እናቴ ጉልበቷን እያመማት መንገድ ስለማትችል ደብረ ብርሃን ሆና ስልኬን ትጠብቃለች። ስንተኛ ወጣሽ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ የምትጠይቀኝ ፈረሱ ጥሎኝ እንደሆነ ነው። ያኔ ስወድቅ ከእኔ በፊት የምታውቀው እሷ ነበረች። አሁን ግን የታመመ ትከሻዬን በሌላው እጄ ደግፌ፣ «አልጣለኝም እማ፣ ደህና ነኝ» እላታለሁ።