የሮማ ንጥር በኪሎ

በሚዛን ጉዳይ ከእኔ ጋር መከራከር ድካም ነው። በጣሊያን ጊዜ ቡሬ ላይ ከአንድ የማርና የሰም ነጋዴ ዘንድ መዛኝ ነበርሁ። ኪሎ የሚባለው ልክ ሲመጣ ሌላው ሰው «ይኼ ብረት ይዋሻል» እያለ ሲያጉረመርም፣ እኔ ወቄቱንም ኪሎውንም አንድ ላይ አጥንቼ ጨረስሁ።

ያን ዓመት ታላቅ ወንድሜ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቶ ነበር። እናታችን፣ ልጇ በሕይወት ከተመለሰላት አንድ ንጥር የሚመዝን ሰም ለደብራችን ልታገባ ተሳለች። ማርያም የጌታን እግር የቀባችበት ሽቱ አንድ ንጥር ነው ብሎ ወንጌሉ ሲነበብ ሰምታ፣ በዚያው ልክ መሆኑ ነው።

ወንድሜ ተመለሰ። ግን አንድ ሌሊት እንዳደረ ባንዶች ወደ መንደራችን እየመጡ ነው ተባለ፤ ቶሎ መውጣት ነበረበት። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ስለቴን ሳላገባ ልጄ ከደጄ አይወጣም!»

ችግሩ ሰሙ ነበር። ጣሊያኖች ከገበያው ጠርገው ወስደውት፣ ቤታችን የቀረው የኪሎ ሲሶ ቢሆን ነው። የገበያችን ንጥር ደግሞ ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል። ወንድሜ ጠመንጃውን አንግቶ ይቁነጠነጣል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤ ይህን የሚፈታ ከእኔ በቀር ማን አለ?

«እምዬ፣ የተሳልሽው በወንጌሉ ንጥር ነው እንጂ በቡሬ ገበያ ንጥር አይደለም» አልኋት። «ያኔ ኢየሩሳሌምን የሚገዛው የሮማ ቄሣር ነው፤ ሚዛኑም የሮማ ነው። የጥንቱ የሮማ ንጥር ከኪሎ ሲሶ ትንሽ ያንሳል። ሰም የሚረከበን ሽማግሌ ጣሊያን ነው የነገረኝ።»

«የጣሊያን ልክ ለታቦት?» አለች ፊቷ ተለዋውጦ።

«የጌታ ዘመን ልክ ነው፤ እነዚህ የት ነበሩና!»

የእጅ ሚዛኔን አውጥቼ ባንዱ ወገን ብረቶቹን፣ ባንዱ ሰሙን አደረግሁ። ሰሙ የሮማውን ንጥር ሞልቶ ቁንጣሪ ተረፈው። እናቴ ሚዛኑን አይታ አይታ ሰሙን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ወደ ደብሩ ሮጠች። ስትመለስ ወንድሜ ጉልበቷን ስሞ በጓሮ ወጣ። ባንዶቹ ሲደርሱ ያገኙት እኔንና እሷን ብቻ ነበር። በሒሳቤ ስንት ቀን እንደ ኮራሁ!

ክረምቱ ሳይወጣ መርዶው መጣ። ወንድሜ ዳሞት ላይ ወድቋል።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ አጠገቧ ተቀመጥሁ። አንድ ነገር ብቻ እንድታምነኝ ፈለግሁ።

«ንጥሩ ሙሉ ነበር፣ እምዬ። ምንም አልጎደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለች። «እንዲመለስ ተሳልሁ፣ ተመለሰልኝ፤ አገባሁ። ያን ለት ንጥር ንጥር ስንል፣ እንደገና መሄዱ ነውና ለመመለሱ እንደገና ልሳል ብዬ አላሰብሁም።»