«ሆዷን ነው» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ደፍሬ አልነገርኩም። ባሌም አያውቅም። እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ ልናገረው።

የምንኖረው ሰበታ ነው። ልጄ ሌንሴ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አንድ ጠዋት ጓሮ ጠርታኝ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ብልቷን እያሳከካት እንቅልፍ እንደነሳት ነገረችኝ። በጨው ውኃ ታጠቢ አልኳት። አልተዋትም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ካርድ አውጥተን ስንገባ የተቀመጠው ነርስ ደረጀ ሆነ፤ የጎረቤታችን የኦቦ ቶሎሳ ልጅ፣ በእጄ እያጎረስኩ ያሳደግኩት።

«ምኗን ነው የሚያማት፣ እትዬ?» አለኝ።

ልጄ አየችኝ። እኔ ምን አልኩ? «ሆዷን ነው» አልኩ። ሰፈሩ ሰምቶ ልጅቷ ወንድ ለመደች እንዳይል ፈራሁ። እንዲህ ያለ ማሳከክ ሁሉ ከወንድ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። አለማወቄን ሰበብ ላድርገው? ልጄ እኮ ነግራኛለች።

እዚያ እያንዳንዱ በሽታ ቁጥር አለው። ደረጀ የሆድ ሕመምን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ አስገባና የትል መድኃኒት ሰጠን። ስንመለስ ሌላ ነርስ ያንኑ አይታ፣ ሆዷ አልተሻላትም እንዴ አለችኝ። አዎ አልኩ። ውሸቴ ቁጥር ሆኖ ከልጄ ቀድሞ ምርመራ ክፍል ይገባ ጀመር። እሷ ውኃ ታበዛለች፣ ትከሳለች፣ ለሽንት ትመላለሳለች፤ እኔ ዕድገት ነው እላለሁ። እናት ነኝ እኔ?

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ተዝለፍልፋ ወደቀች። አዲስ አበባ ስናደርሳት ራሷን አታውቅም። ስኳር ነው ተባለ። ሐኪሟ ከሰበታ የመጣውን ወረቀት እያየች፣ «እዚህ ያለው የሆድ ሕመም ብቻ ነው። ብልቷን የማሳከክ ነገር አልነበራትም? እሱ ተመዝግቦ ቢሆን ያኔውኑ የደም ስኳሯን ያዩላት ነበር» አለችኝ።

አልነበራትም አልኩ። ሞት አፋፍ ላይ ሆና እንኳ ዋሸሁባት።

እግዜር ይመስገን፣ ተረፈች። ባሌ ግን በደረጀ ተነሳበት፤ ስኳርን ከሆድ ሕመም የማይለይ ብሎ ሰው ፊት አዋረደው። ልጁ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ሆዷን ነው አላሉኝም?»

«መርምሮ ማወቅ ያንተ ሥራ ነው» አልኩት። የቆመው ሰው ሳቀበት። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቆ ወደ ሰንዳፋ ሄደ። ኦቦ ቶሎሳ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አካም ጂርታ» ብለው ደህንነቴን ይጠይቁኛል። ልጅዎስ እንዴት ነው ብዬ ለመጠየቅ አፍ የለኝም።

ትናንት ሌንሴ ኢንሱሊኗን ተወግታ ስትጨርስ፣ ማሳከኩ ተመልሶ እንደመጣ ነገረችኝ። አሁን ትልቅ ልጅ ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ግን እኔ ልናገር። አንቺ ውጪ ሁኚ» አለችኝ።

እሺ አልኳት።

ዛሬ እሷ ውስጥ ስትናገር እኔ ኦቦ ቶሎሳ ደጅ እሄዳለሁ። ይቅር በሉኝ ለማለት አይደለም፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ገና ነኝ። ልጅዎ እውነቱን ነበር ለማለት ነው።