የእትዬ ዝናሽ የመጨረሻ ምዕራፍ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስሙኝ፤ ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል።

ሰቆጣ ፊዚክስ ያስተማሩኝ እትዬ ዝናሽ ጡረታ ከወጡ በኋላ ልብ ወለድ ጻፉ፤ ያውም ስለ ጠፈር ጦርነት። አውሮፕላን ተሳፍረው የማያውቁ ሴት ሰባት ደብተር ሙሉ ከዋክብትን አተራመሱ። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ውሃችንን ሊቀዱ ይወርዳሉ። መርከባቸው አበርገሌ ላይ ሲያንዣብብ ተከዜ ሽቅብ ይፈሳል፤ የዓለም ጦር ሁሉ እንደ ገለባ ይበተናል። ወይ ጉድ፣ እኔ ያንን ሳነብ እራቴን ረስቼ አድሬያለሁ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ዘንቢል ይዞ አብሮን ገበያ ይወርድ ነበር እኮ።

እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ንጹሑን ቅጂ እንድገለብጥ ለእኔ ሰጡኝ። ቁም ጽሕፈት የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ጸሐፊ ከፊቱ ያለውን ይገለብጣል እንጂ ከራሱ አንዲት ፊደል አይጨምርም፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

በመጨረሻው ምዕራፍ ከተበተነው ጦር የተረፈች አንዲት አብራሪ በጠላት መርከብ ላይ አነጣጥራለች። የቀራት መተኮስ ብቻ ነው። ያኔ የፍጡራኑ አለቃ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል፤ እኛ አገር ደም ያለበት ሰው "ማሩኝ" ሲል እንደሚያደርገው። አብራሪዋም የዋግ ልጅ ናትና ነገሩ ይገባታል፤ ጣቷን ከቃታው ታነሳለች። እትዬ ዝናሽ ይህችን አንዲት ቅጽበት አሥራ አንድ ገጽ ጽፈዋታል። ከዚያ የሚበልጥ ነገር በዕድሜዬ አላነበብኩም።

እኔስ ምን አደረግሁ? በዚያው ዓመት የወንድሜ ገዳይ እንዲሁ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን መጥቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲለምኑኝ "ምሬሃለሁ" አልኩት፤ በአፌ። ሆዴ አልማረውም። እና ያን ገጽ ሳይ ደሜ ፈላ። አሥራ አንዱን ገጽ ትቼ በራሴ ቃል አስተኮስኳት። መርከቡንም አለቃውንም አነደድኩ። ማንም እንዳያስተያይ ደግሞ የመጨረሻውን ደብተር እሳት ውስጥ ከተትኩት።

ቅጂው ትምህርት ቤት ተነበበ። አብራሪዋ ስትተኩስ ተማሪው በጭብጨባ ቀለጠ። እትዬ ዝናሽ ከፊት ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ስንወጣ ክንዴን ያዙና "ልጄ፣ እኔ እኮ አላስተኮስኳትም። ደብተሬን አምጣልኝ" አሉኝ።

"አይጥ በላው፣ እትዬ።"

ክንዴን አልለቀቁም። "እንግዲያው ተቀመጥና መልሰህ ጻፈው። የኔ እጅ እምቢ ብሏል፤ አንተ አንብበኸዋል።"

ተቀመጥኩ። የራሴን እሳት ፊደል በፊደል አስታውሰዋለሁ። ከእሳቸው ምሕረት ግን አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አልመጣልኝም። ነገ ዛሬ ስል እሳቸው አረፉ።

ልጆቹ ዛሬም ስለዚያች አብራሪ ያወራሉ፤ ተኳሿ ጀግና ይሏታል። ቂም ይዞኝ ነበር ብዬ አላመካኝም። ቂሙ የእኔ፣ መጽሐፉ ግን የእሳቸው ነበር። አብራሪዋ አልተኮሰችም። የተኮስኩት እኔ ነኝ።