ውሳኔው ያንቺ ነው አሉኝ

ቡሬ አንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከማርገዜ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ታምሜ ነበር። ትኩሳት የለው፣ ቁስል የለው፤ ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን መታጠብ አቃተኝ። አንድ ቀን ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት እንደቆምኩ፣ ልጆቹ እስኪንሾካሾኩ ድረስ አንዲት ፊደል መጻፍ ተሳነኝ። ርዕሰ መምህሯ ራሷ እጄን ይዛ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰደችኝ። የአእምሮ ሐኪሙ «ድባቴ ነው» አሉኝና በቀን አንድ የሚዋጥ ኪኒን አዘዙልኝ። በሁለት ወሩ ገደማ ምግብ ይጣፍጠኝ፣ ሰው ሲቀልድ ያስቀኝ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ኪኒኑን እንደ ጨው ቆጠርኩት፤ በየቀኑ የሚያስፈልግ፣ የማይወራለት።

ማርገዜን ያወቅሁ ሰሞን ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ወጣት ናት። የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ስትጠይቀኝ ኪኒኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። ስሙን አነበበችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ።»

«ድንገት ማቆም ይቻላል? ሐኪሙ ሳያዩኝ እንዳላቆም ነግረውኝ ነበር።»

«እርጉዝ ነሽ እኮ። ልጁ እንዲጎዳ ትፈልጊያለሽ?»

አቆምኩ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ራሴን አዞረኝ፤ የእርግዝና ነው አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ጠፋ፣ በአምስተኛው ምግብ ጠላሁ። እርጉዝ ሴት ምግብ ብትጠላ ማንን ይደንቀዋል? ጎረቤቱም ባልደረባዬም ፈገግ እያለ አለፈኝ። እኔ ግን አውቄዋለሁ። ያ ሰሌዳ ፊት ያቆመኝ ነገር ተመልሶ መጥቷል።

ባሌ አናጢ ነው፤ እጁ እንጂ አፉ አይፈጥንም። ቢጨንቀው እናቱን ከጅጋ ገጠር አስመጣ። አማቴ ቅቤና ማር ይዘው መጡ። ኪኒን እወስድ እንደነበር ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ በሆድሽ ሰው ይዘሽ የእብድ መድኃኒት ትውጫለሽ?»

«ትቼዋለሁ፣ እቴቴ። የታመምኩትም ስለተውኩት ነው።»

«እንግዲያ ጠበል ነዋ።»

ጠበል ሄድን፤ ሰባት ቀን ጠጣሁ። እዚያ ሳለሁ ልቤ ያርፍ ነበር፣ አልዋሽም። ቤት ስመለስ ግን ያው ነኝ። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ብውጠው ልጁን እጎዳለሁ ብዬ እፈራለሁ፣ ካልዋጥሁ ደግሞ ራሴን እፈራለሁ አልኳቸው።

«ልጄ፣ መድኃኒት መዋጥ ኃጢአት አይደለም። ልጁን ይጎዳል አይጎዳም የሚለውን ግን እኔ አልተማርሁትም። የተማረውን ጠይቂ።»

እስከዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ሐቀኛው መልስ ይህ ነበር። ግን ምን ላድርገው? አቁሚ ያለችኝም የተማረችው ናት።

ፍኖተ ሰላም ልሄድ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ተዘግቷል ተብዬ ከመናኸሪያ ተመለስኩ። ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። ሆዴ እየገፋ ሄደ፤ አምስት ወር ሊሞላኝ ሆነ። ባሌን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብዬ ስጠይቀው «አንቺ ያልሽው ይሁን» ይለኛል። ደግነቱ ነው፤ እኔን ግን ያቃጥለኝ ነበር። አንድ እንኳ የሚሸከምልኝ ሰው ጠፋ።

አንድ ከሰዓት አማቴ ጎመን እየቀነጠሱ እኔ ግድግዳ ግድግዳ እያየሁ ተቀምጠናል። ቀና ሳይሉ፣

«ሦስተኛ ልጄን የወለድሁ ጊዜ እኔም እንዲሁ ግድግዳ አይ ነበር» አሉ።

ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ልጁን ማየት አስጠላኝ። ቡዳ ነው አሉ፣ ዓይነ ጥላ ነው አሉ። ጎረቤት አራስ ነበረች፤ እሷ አጠባችልኝ። ሰኔ የያዘኝ ለጥምቀት ነው የለቀቀኝ።»

ሦስተኛ ልጃቸው ባሌ ነው።

«ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ ከፍ አለብኝ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጣራ ሥር ስናድር ይህን ይዘው ዝም ማለታቸው አንገበገበኝ።

«ማን ጠየቀኝ? እንኳን ላንቺ ለልጄም አልነገርሁት።» እጃቸውን አራገፉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። መንገዱ ሲከፈት አብረን እንሄዳለን።»

ተከፈተና ሄድን። ሐኪሙ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«መድኃኒቱ ምንም ስጋት የለውም ብዬ አልዋሽሽም» አሉ። «ነገር ግን ሳትበዪ፣ ሳትተኚ እንዲህ ሆነሽ መክረምሽም ለፅንሱ ስጋት ነው። ሁለቱን መዝኚ። ውሳኔው ያንቺ ነው።»

ማክበራቸው እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ያቺ ቃል ደሜን አፈላችው።

«ዶክተር፣ እኔ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ በምን ሚዛን ልመዝነው? ታማሚዋ እህትዎ ብትሆን ምን ይሏታል?»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ጀምሪ እላት ነበር» አሉ።

«ይኸው፤ እኔ የጠፋኝ ይህ ነው» አልኳቸው። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የዚያኑ ዕለት ጀመርኩ። እንቅልፌ ቀስ ብሎ መጣ፤ ሰባተኛው ወር ላይ እንደገና ቆሜ ማስተማር ቻልኩ።

ልጄን የወለድኩት እዚያው ሆስፒታል ነው። በደህና ወለድኩ። አዋላጇ ካርዴን አየችና «መድኃኒት ላይ ነሽ፤ ጡት ባትሰጫት ይሻላል» አለችኝ። ልጄ ደረቴ ላይ አፏን ከፍታ ጡት ትፈልጋለች። እኔ ጡቴን በእጄ ሸፍኜ አለቅሳለሁ። ባሌ የዱቄት ወተት ፍለጋ ወጣ። አማቴ ግን ወጥተው የአእምሮ ሐኪሙን ይዘው ተመለሱ። ሐኪሙ ከአዋላጇ ጋር ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላ ወደ እኔ መጡ።

«አጥቢያት። ወደ ወተቱ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ለምታጠባ እናት የበለጠ የሚመረጥ ሌላ ዓይነት ነበር፤ እኛ ጋ ግን የለም። ይሄ ተስማምቶሻልና አሁን አንቀይረውም። እንቅልፍ ከበዛባት፣ አልጠባም ካለች፣ ያለ መጠን ከተነጫነጨች አምጫት።»

የቱ አራስ ልጅ ነው እንቅልፍ የማይበዛው? የቱስ ነው የማይነጫነጨው? ስትተኛ ኪኒኑ ይሆን እያልኩ እቀሰቅሳታለሁ፤ ስትነቃ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ደግሞ ኪኒኑ ይሆን እላለሁ። ሁለት ጊዜ በሚኒባስ ይዣት ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ «ደህና ናት፣ ክብደቷም ጥሩ ነው» ተብዬ ተመለስኩ። እፎይ ማለት ሲገባኝ ተናደድኩ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊለኝ የመጣው ሁሉ ልጅቷን አቅፎ «እንዴት ናት? ትጠባለች?» ይላል። ገንፎውን በልቶ ይመርቅና ይወጣል። አንቺስ ያለኝ የለም።

አሁን ልጄ አሥራ አራት ወሯ ነው። የአባቷን የሥራ ጠረጴዛ ይዛ ቆማ የእንጨት ፍቅፋቂ ስታኝክ ትውላለች። ኪኒኑን ዛሬም እወስዳለሁ። ጉንፋን ሲይዛት እንኳ በሆዴ ምን እንደምል እኔ ነኝ የማውቀው፤ ያ ጥርጣሬ ይለቀኛል ብዬ ነበር፣ አልለቀቀኝም። ያቺን ወጣት ነርስም አልጠላኋትም። የነገሯትን ነገረችኝ፤ እሷም ፈርታ ነበር። ከእርግዝናዬ የተወሰደብኝን ያን ሦስት ወር ግን ማን ይመልስልኛል? የመጀመሪያዋን እርግጫ የረገጠችው በዚያ መሃል ነው፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስለነበር ቀኑን እንኳ አላስታውስም።

ትናንት ስትጠባ ነከሰችኝና ጮህኩ። ደንግጣ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። ጥርሷ ስድስት ሆኗል።