«ረብሻ» የተባለችው ሴት

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች አቆጣጠር ከሁለት ሺህ አሥራ አራት በኋላ ነው፤ ዓመቱን ለይቼ ለመናገር ማስታወሻ አልያዝሁም፤ ትዝታዬንም እንደ ድሮው አላምነውም። ጡረታ ወጥቼ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ፈቀቅ ብሎ ባለ አፓርታማ እኖር ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ዴንቨር ወደሚገኝ የዱር እንስሳት ጥናት ቢሮ እየሄድሁ በነጻ አገለግል ነበር። ሥራዬ ፎቶ መለየት ነው። በደቡብ አሜሪካ ደን ውስጥ ከዛፍ ግንድ ጋር የታሰሩ ካሜራዎች አንዳች ነገር ሲያልፍ በራሳቸው ያነሳሉ፤ እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ፎቶ ከሦስት ዓምዶች በአንዱ እመዘግባለሁ፦ «እንስሳ»፣ «ባዶ»፣ «ረብሻ»። ዓምዶቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሦስተኛውን «ረብሻ» ብዬ የመለስሁት እኔ ነኝ፤ ሰው የታየበት ፎቶ ሁሉ የሚገባው እዚያ ነበር።

አንዲት ሴት ደጋግማ ትመጣ ነበር። ካሳቫ የሚባለው ሥራሥር የሞላ ቅርጫት ግንባሯ ላይ ባረፈ ማንገቻ አዝላ በአንድ ቀጭን መንገድ ታልፋለች። ከእሷ በኋላ፣ አንዳንዴ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ታፒር የሚሉት አፍንጫው እንደ አጭር ኩምቢ የተንጠለጠለ ትልቅ እንስሳ ቅጠል እየቀነጠሰ በዚያው መንገድ ያልፋል። አልደነገጠም፤ አልሸሸም። እኔ ግን ሴትዮዋን «ረብሻ» ብዬ መዘገብሁ።

ሪፖርቱ የጥብቅ ደኑን ወሰን ለሚወስኑ ሰዎች እንደሚሄድ፣ በወንዙ ዳር የሚኖሩት ቤተሰቦች ይቆዩ ወይስ ይውጡ የሚለውም በእሱ መነሻነት እንደሚወሰን የሰማሁት ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው። ደሜ ፈላ፤ ስለ ቃሉ አቤት አልሁ። ኃላፊያችን፣ በሙያዋ የማከብራት ወጣት ተመራማሪ፣ በትሕትና አዳመጠችኝና «ቃሉ እኮ ሙያዊ ቃል ነው፤ ክፋት የለበትም» አለችኝ።

ያን መልስ አውቀዋለሁ። እኔው ራሴ ሰጥቼዋለሁ።

አገር ቤት የዱር እንስሳት ባለሙያ ሳለሁ ስለ አንድ የደቡብ ደን ሪፖርት ጽፌአለሁ። ማር ስለሚቆርጡና ሣር ስለሚያጭዱ ነዋሪዎች ስጽፍ፣ በትምህርት ቤት ያጠናሁትን የእንግሊዝኛ ቃል «የሰዎች ረብሻ» ብዬ ተረጎምሁት። አውራጃው ያነበበው እንደ ተጻፈው ነው፤ ረብሻ ካለ ፖሊስ ይላካል። ጎጆዎቹ ፈረሱ። አንድ ሽማግሌ ቢሮዬ ድረስ መጥተው ማንን እንደረበሹ ጠየቁኝ፤ ቃሉ ሙያዊ ነው አልኋቸው። ቃሉን የመረጥሁት እኔ ነኝ ወይስ አለቃዬ አርሞት? ለዓመታት አለቃዬ ነው ስል ኖሬአለሁ። ያ ትዝታ እጅግ ስለሚመቸኝ ዛሬ አላምነውም።

ኃላፊዋ ያን በመለሰችልኝ ቀን ልጄ ከምትኖርበት ሰፈር ከግሪን ቫሊ ራንች መጥታ በመኪናዋ ወሰደችኝ። ነርስ ናት። ስለ ሴትዮዋ ነገርኋት፤ ስሜንም ከሪፖርቱ እንደማስወጣ።

«ካሳቫ ተሸክማ ነው የምትረብሸው? እኛ ሆስፒታል ብትመጣ ረብሻ ምን እንደሆነ ታይ ነበር።»

አልሳቅሁም። ቀይ መብራት ላይ ዞር ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ስምዎን ቢያስወጡ ለእርስዎ ይቀልልዎታል። ለእሷ ምን ይሆንላታል?»

ተቆጣሁ፤ መንገዱን እንድታይ ነገርኋት። ለእሷ ከዚያ የባሰ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

በማግስቱ ዓምዱ «ነዋሪ» ተብሎ እንዲለወጥ፣ ታፒሩ ያለፈበት ሰዓትም ከሴትዮዋ ሰዓት ጎን እንዲጻፍ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ኃላፊዋ አመሰገነችኝ፤ ግን ርእሱን መለወጥ ያለፉትን ዓመታት መዝገብ ወጥነት ያሳጣዋል አለች። ሪፖርቱ እንደነበረ ወጣ። ለሰው ቤት መፍረስ ያልተጨነቁ ሰዎች ለዓምድ ርእስ ሲጨነቁ ማየት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳላረጋግጥ አልፈርምም እያልሁ ስመጻደቅ ኖሬአለሁ። በዚያ ሳምንት ካሜራዎቹ ላሉበት አገር የደን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍሁ። የሴትዮዋንና የታፒሩን ሰዓቶች አንድ በአንድ ዘረዘርሁ። ከሥር፣ አገሬ ሳለሁ በአንድ ቃል ምን እንዳስደረግሁ ገለጽሁ። «አለቃዬ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝሁትና «እኔ» አልሁ። ፈረምሁ። መልስ አልመጣልኝም።